የትውልድ ልዩነት በሞት መጠን ትንበያ ላይ፦ ጋማን መቼ እንጨምር፣ መቼ እንተወው?

ቀመረኛው፦

ሰላም ለቤቱ። የእንግሊዝና ዌልስ ወንዶችን ዳታ ከሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝ አውርጄ ሊ–ካርተር የተባለውን የሞት ትንበያ ሞዴል ገጥሜበታለሁ። ዕድሜው 50–89፣ ዓመቱ 1961–2010 ነው። ቀመሩ የምታውቁት ነው፦

የሞት መጠን ሎግ = አልፋ(ዕድሜ) + ቤታ(ዕድሜ) × ካፓ(ዓመት)

አልፋ የየዕድሜው አማካይ ደረጃ፣ ካፓ ሞት በየዓመቱ የሚሄድበት አቅጣጫ፣ ቤታ እያንዳንዱ ዕድሜ ለካፓ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ካፓ ደህና ወርዷል፣ ቤታም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ጉዱ ያለው ቀሪዎቹ (በታየውና ሞዴሉ በሚለው መካከል ያለው ልዩነት) ላይ ነው። ዓመትን በአግድም፣ ዕድሜን በቁም አድርጌ በቀለም ሳወጣቸው ወደ ላይ ቀኝ በሰያፍ የሚወጣ ሰፊ ሰማያዊ ጎዳና አለ። ሰማያዊ ማለት የታየው ሞት ሞዴሉ ከሚለው ያነሰበት ነው። የጎዳናው መሃል በ1981 ዕድሜ 50 ላይ ተነሥቶ በ2010 ዕድሜ 79 ላይ ይደርሳል፤ የ1931 ልደት ማለት ነው። ከሱ በላይ ደግሞ በ1919ና በ1920 ልደት ላይ ቀጭን፣ ክር የምታክል መስመር ትታያለች።

የትውልድ ክፍል (ጋማ፣ የልደት ዓመት ውጤት) መጨመር እንዳለብኝ ገብቶኛል። ጥያቄዬ፦ የቱን ሞዴል? ሬንሾ–ሀበርማን፣ ዕድሜ–ጊዜ–ትውልድ ወይስ ኤም7? ጋማንስ ወደፊት እንዴት ልተንብየው? ዓላማው ከ65 ዓመት ጀምሮ የዕድሜ ልክ ጡረታ ክፍያን መመዘን ነው።

ሰያፍ፦

ሞዴል ከመምረጥህ በፊት ሁለቱን መስመሮች ለያቸው። አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሰፊው ጎዳና እውነተኛ ነው። ከ1925 እስከ 1945 ገደማ የተወለዱት እንግሊዛውያን ከነሱ በፊትም ሆነ በኋላ ከመጡት በፈጠነ መሻሻል ዘመናቸውን የገፉ ናቸው፤ በሙያው «ወርቃማው ትውልድ» የሚባሉት። ምክንያቱ ላይ ሙግቱ አላለቀም። ሲጋራ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው፤ የሲጋራና የሳንባ ካንሰር ግንኙነት በ1950 ሲታተም፣ የሐኪሞች ኮሌጅ ሪፖርትም በ1962 ሲወጣ እነዚህ ሰዎች ገና ወጣቶች ነበሩ፣ ለመተው ጊዜ ነበራቸው። የጦርነቱ ዘመን ራሽን፣ የ1944ቱ የትምህርት ሕግ፣ በ1948 የተጀመረው ነጻ ሕክምናም ይጠቀሳሉ።

ቀጭኗ መስመር ግን በአብዛኛው የመቁጠሪያ ስሕተት ናት። አንድ ቀላል መለያ ልስጥህ፦ እውነተኛ የትውልድ ውጤት ዳር ዳሩ እየደበዘዘ በብዙ የልደት ዓመታት ላይ ይዘረጋል። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ልደት ላይ ብቻ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ከሆነ መጀመሪያ ዳታውን ጠርጥር።

ጥርጥር፦

«በአብዛኛው ስሕተት» ማለት ቀላል ነው። የ1919 ሕፃናት እኮ በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ወቅት በማሕፀን የነበሩ ናቸው። ጉዳት ደርሶባቸው ቢሆንስ?

ሰያፍ፦

ጉዳት ቢሆን ቀሪው ሞት በዛ ይላል። እዚህ ያለው ተቃራኒው ነው፣ በመስመሩ ላይ ሞት ያነሰ ይመስላል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እናየው።

የሞት መጠን ሟች ሲካፈል ለተጋላጭ ነው። ተጋላጩ በዓመቱ ውስጥ በዚያ ዕድሜ የኖሩት ሰዎች አማካይ ነው፤ በተግባር ግን የሰኔ መጨረሻው የሕዝብ ግምት እንደ አማካይ ይወሰዳል። ልደት በዓመቱ ውስጥ እኩል ተከፋፍሎ ከሆነ ችግር የለውም። በ1919 ግን ወታደሮቹ ገና እየተመለሱ ነበር፤ የዓመቱ መጀመሪያ ባዶ፣ መጨረሻው ሙሉ። በእንግሊዝና ዌልስ በ1919 ወደ 692 ሺህ፣ በ1920 ደግሞ ወደ 958 ሺህ ልጆች ተወልደዋል።

አሁን ዕድሜ 80ን በ2000 ዓ.ም እንደ ፈረንጅ ውሰድ። ጥር 1 ቀን 80 ዓመት የሞላቸው የ1919 ልጆች ናቸው። በታኅሣሥ 31 ደግሞ የ1920 ልጆች። በሰኔ መጨረሻ ላይ ከሐምሌ 1919 እስከ ሰኔ 1920 የተወለዱት ናቸው፤ ይኸውም ጎርፉ ራሱ። ለምሳሌ ያህል ይህ የመካከለኛው ቡድን 900 ሺህ ነበር እንበል፤ ሞትን ለጊዜው እንተወው። አማካዩን በሲምፕሰን ደንብ ስናወጣው (692 + 4×900 + 958) ÷ 6 = 875 ሺህ። የሰኔውን 900 ከተጠቀምክ አካፋይህ ወደ 3 በመቶ ተጋኗል፣ የሞት መጠኑም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይታያል። ዓመታዊ የሞት መሻሻል 1 ወይም 2 በመቶ በሆነበት ሥራ ላይ 3 በመቶ ቀልድ አይደለም። ደግሞም ስሕተቱ ከዕድሜ ዕድሜ አብሯቸው ይጓዛል፣ ሰያፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዳታቤዙ ከስድስተኛው የዘዴ ሰነዱ (2017) ወዲህ የወር ልደት ቁጥር ባለበት አገር ተጋላጩን ያስተካክላል። ስለዚህ ያወረድከው ፋይል መቼ እንደተዘጋጀ እይ። የቆየ ቅጂ ከሆነ እንደገና አውርድ። አዲስ ሆኖም ክሯ ካልጠፋች የ1919ና የ1920 ልደት ሴሎችን (ሴል ማለት የአንድ ዕድሜና የአንድ ዓመት ጥምር ነው) ክብደት ዜሮ አድርጋቸው፣ ማለትም ከግጥሙ አስወጣቸው። ጋማቸውን ከጎረቤቶቻቸው በመስመር አገናኝ፤ እንዲሁ እንደ ወጡ አትተዋቸው፣ ምክንያቱም ጋማን በተከታታይ ጊዜ ሞዴል ስትተነብይ አንድ የሾለ ነጥብ የትንበያውን ክልል ያሰፋብሃል።

ወለተ ቁጥር፦

ወደ ሞዴል ምርጫው ልመለስ።

ሬንሾ–ሀበርማን (2006) በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሊ–ካርተር ላይ ጋማ(ልደት) መደመር ብቻ ነው። በተግባር ግን ካፓ ቀጥ ያለ መስመር በሚመስልበት ዳታ ላይ ሞዴሉ የጊዜውን ዝንባሌ ከትውልዱ ዝንባሌ መለየት ይቸግረዋል። ድግግሞሹ በሺዎች ይሄዳል፣ የላይክሊሁዱ (ሞዴሉ ከዳታው ጋር የሚስማማበት ልክ) ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፣ ከሌላ መነሻ ብትጀምር ሌላ መልስ ይሰጥሃል። ፈተናው ቀላል ነው፦ እስከ 2008 ግጠመው፣ ከዚያ እስከ 2009፣ ከዚያ እስከ 2010። አንድ ዓመት በተጨመረ ቁጥር የ1930ዎቹ ጋማ ቅርጹን ከቀየረ ጣለው።

የግድ እሱን ካልክ በአር የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ስትሞሞ ፓኬጅ ጋማን ያለ ዕድሜ ማባዣ እንድታስገባና የመቀራረቢያ ገደቡን (አፕሮክስ ኮንስት የሚለውን) እንድታበራ ይፈቅዳል። መነሻ ዋጋዎቹንም ከሊ–ካርተሩ ወስደህ ስጠው። ያኔ ቢያንስ ይቆማል።

ዕድሜ–ጊዜ–ትውልድ፦ አልፋ(ዕድሜ) + ካፓ(ዓመት) + ጋማ(ልደት)። ጽኑ ነው፣ በሰከንዶች ይጨርሳል። ድክመቱ በ55 ዓመትና በ85 ዓመት የሞት መሻሻል አንድ ነው ብሎ መነሣቱ ነው። አንድ ካልሆነ ልዩነቱን ጋማ ውስጥ ይከተዋል፤ አንተም የትውልድ ታሪክ አገኘሁ ብለህ ትደሰታለህ።

ኤም7 ለከፍተኛ ዕድሜ የተሠራ ነው፤ የሞት ዕድል ሎጂት (የመሞት ዕድል ለመትረፍ ዕድል ተካፍሎ ሎጉ) ላይ ሦስት ካፓ (ደረጃ፣ ተዳፋት፣ ጉብጠት) እና ጋማ። ከ50 በታች አትሞክረው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መነሻ ተጋላጭ (በዕድሜው መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን) ነው የሚፈልገው፤ መካከለኛው ተጋላጭ ላይ የሟቾቹን ግማሽ ደምር። ይህ ቢረሳ ፕሮግራሙ ስሕተት ብሎ አይጮህም፣ በ50 ዓመት ላይም ልዩነቱ አይታይም። በ89 ላይ ግን የሞት ዕድሉን በብዙ ያጋንነዋል።

እኔ ላንተ ሥራ የምመርጠው የፕላትን (2009) አጭር መልክ ነው፦

አልፋ(ዕድሜ) + ካፓ1(ዓመት) + ካፓ2(ዓመት) × (አማካይ ዕድሜ − ዕድሜ) + ጋማ(ልደት)

ካፓ2 ለወጣቱና ለሽማግሌው የተለያየ መሻሻል ስለሚፈቅድ ጋማ የማይመለከተውን ሸክም አይሸከምም።

ቀመረኛው፦

ወለተ ቁጥር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቢአይሲ (ግጥሙን ከፓራሜትር ብዛት ጋር በሚመዝነው መለኪያ) ላወዳድራቸው ብዬ ነበር። ይበቃል?

ወለተ ቁጥር፦

ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፣ ግን ሴሎቹ አንድ ይሁኑ። 40 ዕድሜና 50 ዓመት 2000 ሴል፣ 89 የልደት ትውልድ (ከ1872 እስከ 1960) ነው ያለህ። ጥግ ላይ ያሉት ትውልዶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሴል ብቻ ነው ያላቸው፤ ጋማቸው ጫጫታ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ትውልድ ክብደት ዜሮ አድርግ፤ በስትሞሞ የክብደት ማትሪክሱ ላይ ክሊፕ = 3 ማለት ነው። 12 ሴል ይወጣል፣ 1988 ይቀራል። ያንኑ ማትሪክስ ለሊ–ካርተርም ስጠው፤ አለበለዚያ በ2000 ሴል የተሰላን ላይክሊሁድ በ1988 ከተሰላ ጋር እያወዳደርክ ነው።

የፓራሜትር ቁጥር ሳይቆረጥ፦ ሊ–ካርተር 128፣ ዕድሜ–ጊዜ–ትውልድ 176፣ የፕላት አጭሩ 224። ቢአይሲ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፓራሜትር 7.6 ገደማ ያስከፍላል። በእንግሊዝ ወንዶች ላይ ጋማ ይህን ክፍያ በቀላሉ ይሸፍናል። በትንሽ ሕዝብ ላይ ግን አይሸፍንም፣ ባይሸፍን አትዘን።

ከቢአይሲ ይልቅ የኋሊት ፍተሻው ይሻላል። እስከ 1990 ብቻ ግጠም፣ 1991–2010ን ተንብይ፣ ከሆነው ጋር አስተያይ። በሊ–ካርተር ላይ ስሕተቱ በሰያፉ ላይ ተሰብስቦ ታገኘዋለህ።

ሰያፍ፦

አሁን ወደ እሾሁ። ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ጋማን ወደፊት መተንበይ።

ልደት = ዓመት − ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጋማ ላይ በየልደት ዓመቱ 0.01 ጨምር፣ ካፓ ላይ በየዓመቱ 0.01 ቀንስ፣ አልፋ ላይ በየዕድሜው 0.01 ጨምር፤ የተገጠመው ዋጋ ንቅንቅ አይልም። ዳታው የትኛው ትክክል እንደሆነ ሊነግርህ አይችልም፤ ከዳታ ብዛትም ጋር ግንኙነት የለውም። ፕሮግራሙ ጋማ ድምሩም፣ ቀጥተኛ ዝንባሌውም ዜሮ ይሁን ብሎ በራሱ ይወስናል፤ «ገደብ» የሚባለው ይህ ነው። ምርጫ እንጂ ግኝት አይደለም።

ግጥሙ ላይ ጉዳት የለውም፤ ትንበያው ላይ ግን አለ። የመጨረሻው የታመነ ትውልድህ 1957 ነው (1960 ሲቀነስ የተቆረጡት ሦስት)። የ65 ዓመት ሰው እስከ 2022 ድረስ የሚታወቅ ጋማ አለው፤ ከ2023 ጀምሮ የተተነበየ ጋማ ትፈልጋለህ። ከ1957 በኋላ ጋማን ዝርግ አድርገህ ያዝከው እንበል። በ2042 ዕድሜው 65 የሆነ ሰው የ1977 ልጅ ነው፣ ከ1957 በ20 ዓመት ይርቃል። በመጀመሪያው ገደብና ከላይ ባልኩት 0.01 በተዘነበለው ገደብ መካከል የሎግ ልዩነቱ 0.20 ይሆናል፤ የሞት መጠኑ 18 በመቶ ይለያያል። ዳታው አንድ፣ ግጥሙ አንድ፣ መልሱ ሁለት።

መድኃኒቱ የጋማ ትንበያ ሞዴል ቀጥተኛ ዝንባሌን መሸከም የሚችል መሆኑ ነው። አሪማ(1,1,0) የተባለው የተከታታይ ጊዜ ሞዴል ከቋሚ ጋር ይህን ያደርጋል፤ ገደቡን ብትቀይር ዝንባሌው ከካፓ ወደ ጋማ ይዛወራል እንጂ ድምሩ አይለወጥም። ወደ ዜሮ የሚመለስ ኤአር(1) ያለ ዝንባሌ ብትጠቀም ግን ትንበያህ በገደቡ ላይ የቆመ ነው። በኤም7ና በፕላት ጋማ ካሬ ዝንባሌውም ዜሮ እንዲሆን ይደረጋል፤ እዚያ ደግሞ ነገሩ በአንድ ደረጃ ይወሳሰባል።

ጥርጥር፦

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ጋማ ለምን አስፈለገ? ያልተወለደውን ወይም ገና 30 ዓመት ያልሞላውን ትውልድ «ጥራት» በአሪማ መተንበይ ከጥንቆላ ብዙም አይርቅም። የ1960ዎቹ ልጆች ከ1950ዎቹ ልጆች እንዴት እንደሚለዩ የ1931 ልጆች ምን ያውቃሉ?

ሰያፍ፦

ስለ ገና ያልታየው ትውልድ እስማማለሁ። ጋማ ዋጋው ያለው አሁን በሕይወት ላሉት፣ ለታዩት ትውልዶች ነው፤ የጡረታ ፈንድ ዕዳ ደግሞ አብዛኛው የነሱ ነው። ዛሬ 70 የሆነው ሰው በ85 ዓመቱ ምን ይገጥመዋል የሚለው ላይ ጋማው ታውቋል፣ መተንበይ አያስፈልገውም።

ካልጨመርከው የሚደርሰውን ለማየት ዴንማርክን ተመልከት። የዴንማርክ ሴቶች አማካይ የመኖር ዕድሜ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቆሞ ቀረ፣ ስዊድን ደግሞ መጨመሯን ቀጠለች። ምክንያቱ በ1915ና በ1945 መካከል የተወለዱት፣ ሲጋራ በብዛት ያጨሱት ሴቶች ናቸው። በ1995 ተቀምጠህ ሊ–ካርተር ብትገጥም ካፓ ዝርግ ነው፣ ትንበያህም ዝርግ ይሆናል። እነዚያ ሴቶች እያለፉ ሲሄዱ ግን መስመሩ እንደገና ተነሣ። ሞዴልህ በዓመታት ላይ ያየው መቆም የዓመታቱ አልነበረም፣ በዚያ ዘመን ዕድሜያቸው ለሞት የደረሰው ሴቶች ነበር።

ጥርጥር፦

ዴንማርክን ተቀብያለሁ። እንግዲያውስ እንዲህ እንበል፦ ጋማ ለታዩት ትውልዶች ይግባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በውሳኔ ይያዝ እንጂ በአሪማ አይጌጥ። የእንግሊዝ አክቹዋሪዎች (የመድንና የጡረታ ስሌት ባለሙያዎች) ሲኤምአይ ሞዴልም (ከ2016 እትሙ ጀምሮ) የሚያደርገው ከዚህ አይርቅም። መሻሻሉን የዕድሜና ጊዜ እንዲሁም የትውልድ ክፍል ብሎ ይከፍላል፣ ድምራቸውንም ተጠቃሚው በመረጠው የረጅም ጊዜ ፍጥነት ላይ ቀስ በቀስ ያሳርፋል። ቢያንስ ፍርዱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

የጡረታ ሰው፦

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። የኛን አገር ጉዳይ ላንሣ። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ 715/2003 (በፈረንጅ 2011) ነው የተጀመረው፤ በእጅ ያለው የአባላት መዝገብ ቢበዛ የአሥራ ጥቂት ዓመት ነው። የ1977ቱን ድርቅ በልጅነታቸው ያሳለፉ፣ ከሱ በፊትና በኋላ የተወለዱ ሰዎች በጡረታ ዕድሜያቸው ይለያዩ ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ዳታ ጋማ መገመት ይቻላል?

ዴሞግራፊ በአማርኛ፦

አይቻልም። በአሥራ ጥቂት ዓመት መስኮት ውስጥ እያንዳንዱ ትውልድ የሚታየው በአሥራ ጥቂት ዕድሜዎች ላይ ብቻ ነው፤ ዕድሜና ትውልድ አንዱ የሌላው ጥላ ይሆናሉ። ሞዴሉ ይገጥማል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩ ግን አያስተማምንም።

የሚሠራው መንገድ ይሄ ነው። መደበኛ ሰንጠረዥ ምረጥ፣ በሱ መሠረት ይጠበቅ የነበረውን ሞት በሰፊ የልደት ቡድን (አሥር አሥር ዓመት) ደምር፣ የታየውን ሞት ለሚጠበቀው አካፍል። ከማመንህ በፊት ግን ሟቾችን ቁጠር። የሬሾው አንጻራዊ ስሕተት ወደ 1 ሲካፈል ለሟቾች ቁጥር ካሬ ሥር ነው። በ95 በመቶ እምነት 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ለማግኘት 384 ሟች፣ 5 በመቶ ለማግኘት ደግሞ 1537 ሟች በአንድ ቡድን ያስፈልግሃል። ቡድኑ 60 ሟች ብቻ ካለው ስሕተቱ 25 በመቶ ነው፤ የትኛውም የትውልድ ልዩነት በዚያ ውስጥ ይሰምጣል።

ሁለት ወጥመድ ልጨምር። አንደኛ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ላይ የትውልድ ውጤት ለማውጣት አትሞክሩ። የሞት ምዝገባችን ምሉዕ ስላልሆነ (የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ፣ በፈረንጅ ነሐሴ 2016 ነው) ያ ሰንጠረዥ ከዳሰሳ ጥናቶችና ከሞዴል የተገነባ ነው። ሰያፍ መስመር ብታገኙበት የሞዴሉን እንጂ የሕዝቡን አላገኛችሁም።

ሁለተኛ፣ ኤችአይቪ። በ25 እና በ45 መካከል ያሉ ጎልማሶችን የመታው ሞት ወጥቶ ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በ1997 (በፈረንጅ 2005) ከተጀመረ በኋላ ወርዷል። ይህ የጊዜና የዕድሜ ጥምር ነው። ጋማ ያለበት ሞዴል ግን ያንን ጉብታ በ1960ዎቹና 1970ዎቹ (በፈረንጅ) ልደት ላይ አሸክሞት በጡረታ ዕድሜያቸው ያስከፍላቸዋል። መፈተኛው፦ ከጋማ ይልቅ ሁለተኛ የቤታና ካፓ ጥምር ያለው ሊ–ካርተር ግጠም። ሰያፉ ከጠፋ መጀመሪያም ትውልድ አልነበረም።

የጡረታ ሰው፦

በአባላት መዝገብ ላይ በልደት 1945፣ 1950፣ 1955 (በኛ አቆጣጠር) ላይ ክምችት አለ። በየአምስት ዓመቱ ማለት ነው። ይህስ ጉዳት አለው?

ወለተ ቁጥር፦

አለው፣ ግን ከየት እንደመጣ ይወስነዋል። በቆጠራ ላይ ሰው ዕድሜውን 40፣ 45፣ 50 ብሎ ሲያጠጋጋ ክምችቱ በዕድሜ ላይ ነው፤ በቀሪዎቹ ሥዕል ላይ አግድም ይታያል። በቅጥር ጊዜ የልደት ዓመት ተጠጋግቶ ፋይል ላይ ከተጻፈ ግን ሰውየው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው የሚያረጀው። አግድም የነበረው ሰያፍ ይሆናል፣ በአምስት ዓመት እየዘለለ የሚመጣ ውሸተኛ ትውልድ።

ሟቹም ተጋላጩም ከአንድ መዝገብ ከሆኑ ክምችቱ ከላይም ከታችም ስላለ ብዙው ይጣፋል። ሟቹን ከአንድ ምንጭ፣ ሕዝቡን ከሌላ ምንጭ ከወሰዳችሁ ግን አይጣፋም። መጠኑን በዊፕል መለኪያ እዩት፦ ከ23 እስከ 62 ዕድሜ ውስጥ በ0 ወይም በ5 የሚያልቁትን በ5 አባዙ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 100 ማለት ክምችት የለም፣ ከ175 በላይ ማለት ነጠላ ዕድሜን እርሱት። ለልደት ዓመትም ያንኑ ማስላት ይቻላል። ከፍ ካለ በ5 ዓመት ቡድን ሥሩ፣ የክምችቱ ዓመት ቡድኑ መሃል ላይ ይዋል፤ 1948–1952 እንጂ 1950–1954 አይሁን።

ሰያፍ፦

የቀን መቁጠሪያ ነገርም አለ። ከኢትዮጵያ ልደት ዓመት ላይ 8 ደምሮ የፈረንጅ ትውልድ ማድረግ የተለመደ ነው። የኛ 1961 ከመስከረም 1968 እስከ መስከረም 1969 የፈረንጅ ነው፤ ከኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ታኅሣሥ 31 ያሉት 112 ቀኖች በ1968 ውስጥ ይወድቃሉ። ልደት እኩል ተከፋፍሏል ካልን ከመቶው 31 ሰው በአንድ ዓመት ወደ ፊት ተገፍቷል። ሞቱ በፈረንጅ ከተመዘገበ ሰያፉ ይደበዝዛል፣ ዕድሜም ይሸራረፋል።

ሙሉ ቀን ካለ በቀን ለውጡ። ዓመት ብቻ ካለ 31 በመቶውን ለቀዳሚው፣ 69 በመቶውን ለተከታዩ የፈረንጅ ዓመት አከፋፍሉ። ወይም ደግሞ ሁሉንም ሥራ በኢትዮጵያ ዓመት ጨርሱ፤ የሞት ቀኑን መለወጥ ይቀላል፣ ሙሉ ቀን አለውና። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መስከረም 1 የተወለደ የሚል ከበዛ ግን ቀኑን አትመኑት፣ ቀን ስለጠፋ የተሞላ ነው።

ቀመረኛው፦

የፕላትን አጭር መልክ ገጥሜዋለሁ፤ ሰፊው ጎዳና ከቀሪዎቹ ጠፍቷል፣ ዳታውን በአዲስ አውርጄ ክሯም ደብዝዛለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። የካፓውን ዝንባሌ ከየትኞቹ ዓመታት ልውሰድ? ሰንጠረዡንስ ሳወጣ ወደ ታች ላንብብ ወይስ በሰያፍ?

ጥርጥር፦

ራንደም ዎክ ከዝንባሌ ጋር (ካፓ በየዓመቱ በአማካይ እኩል ይራመዳል የሚለውን ሞዴል) ስትጠቀም ዝንባሌው የመጨረሻው ካፓ ሲቀነስ የመጀመሪያው፣ ለ49 ሲካፈል ነው። መካከለኞቹ 48 ነጥቦች ምንም ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ጫፎቹን ተጠንቀቅ። ዳታህን እስከ 2020 ብታደርሰው የኮቪድ ዓመት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዝንባሌህን ይወስንልሃል። የሲኤምአይ ሰዎችም በ2020 እትማቸው የዚያን ዓመት ክብደት ዜሮ አድርገዋል። የ2020ን ሴሎች ዜሮ ብታደርግ ግን የዚያ ዓመት ካፓ የሚገመትበት ነገር የለውም፤ የጎደለ ዋጋ የሚቀበል ዘዴ ተጠቀም ወይም ተከታታዩን 2019 ላይ ዝጋ።

ወለተ ቁጥር፦

ሰንጠረዡ በሰያፍ ነው የሚነበበው። በ2011 ዕድሜው 65 ለሆነ ሰው የ65ን ከ2011፣ የ66ን ከ2012፣ የ67ን ከ2013 እያልክ ወደ ላይ ውጣ። ወደ ታች በአንድ ዓመት ዓምድ ብታነብ ያ ሰው በ85 ዓመቱም በ2011 ሕክምና ይታከማል እያልክ ነው። በየዓመቱ 1.5 በመቶ መሻሻል ካለ ከ20 ዓመት በኋላ የሞት መጠኑ በ0.739 ይባዛል፣ 26 በመቶ ያነሰ ማለት ነው፤ ክፍያው ደግሞ የሚከማቸው እዚያው ነው።

ዳታህ 89 ላይ ስለሚያበቃ ከ90 በላይ መዝጊያ ያስፈልግሃል። የካኒስቶ ሎጂስቲክ ይበቃል፦ የሞት መጠኑን ሎጂት ከ80 እስከ 89 ባለው ላይ በቀጥታ መስመር ግጠምና እስከ 120 ዘርጋው። በእያንዳንዱ የተተነበየ ዓመት ላይ ለየብቻው ካደረግከው ግን ጋማ በ89 ዙሪያ የሚፈጥረው ጉብታ መስመሩን ያጣምመዋል፤ ሩቅ ዓመታት ላይ የ95 ዓመቱ ከ90 ዓመቱ ያነሰ ሞት ሊወጣ ይችላል። በሰያፍ፣ በየትውልዱ ዝጋው።

ሰያፍ፦

ስትዘጋው ደግሞ ከ80 ዓመት በላይ አሥር ነጥብ ያለው ትውልድ ብቻ በራሱ ይዘጋ። ያነሰ ያለው የጎረቤቱን ተዳፋት ወስዶ ደረጃውን ብቻ ያስተካክል። ሲሙሌሽኖቹን ስታስኬድ (5000 ዱካ በቂ ነው) ካፓና ጋማ እንደማይዛመዱ ስትሞሞ ራሱ ያስባል፤ የፓራሜትር አለመተማመንንም ካልነገርከው አይጨምርም፣ ቡትስትራፑን (ዳታውን ደጋግሞ እያስመሰሉ መግጠሙን) ለብቻው ጥራው። ያለ እሱ የምታገኘው ክልል ለ1957ቱ ልጆች ጠባብ ነው የሚወጣው፤ በአራት ሴል ላይ ብቻ የቆመ ጋማ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ማለት ነው።